የቤተ ሰብ ሐኪምና የአረጋውያን ሕክምና

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሽማግሌ ጕልበቱን ሲያመው፣ ዐይኑ ሲደክም፣ ወይም ሌሊት ተነሥቶ የቤቱ በር ሲጠፋበት፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች አስቀድመው የሚናገሩት ቃል «እርጅና ነው» የሚለው ነው። ሽማግሌውም ራሱ ይህንኑ ቃል አምኖ ይቀበላል። ቃሉ የርኅራኄ ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በር የሚዘጋ ቃል ነው። ለእርጅና መድኀኒት እንደሌለው ሁሉም ያውቃልና፣ እርጅና ነው ከተባለ በኋላ ሐኪም የሚጠራ፣ መድኀኒት የሚፈልግ አይገኝም። ከዚህም የሚከፋው ይህን ቃል ሐኪሙ ራሱ የተናገረው እንደ ሆነ ነው።

የቤተ ሰብ ሐኪም የሚባለው ሕፃኑንም እናቲቱንም ሽማግሌውንም በአንድ ደጃፍ ተቀብሎ የሚያይ፣ የቤቱን ሰዎች በየስማቸው የሚያውቅ፣ ሕመሙ ሲከብድም ወደ ሆስፒታል የሚልክ ሐኪም ነው። ታዲያ ይህ ሐኪም ከጠቅላላው የሕክምና ትምህርት በላይ ስለ አረጋውያን የተለየ ትምህርት ያስፈልገዋልን? አንዳንዶች አያስፈልገውም ይላሉ፤ ሽማግሎችንና ባልቴቶችን በየቀኑ ስለሚያይ ሥራው ራሱ ያስተምረዋል፤ ለያንዳንዱ የዕድሜ ክፍል ሌላ ትምህርት ቢጨመርበት ሕሙማኑን የሚያይበት ጊዜ አያገኝም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ያረጀ ሰውነት የራሱ የሆነ ጠባይ አለው፤ ያንንም ጠባይ ያልተማረ ሰው እያየ አያስተውለውም ብለው ይመልሳሉ። የሁለቱም ወገን ክርክር ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን በክርክር ብቻ ከመቍረጥ ይልቅ ታሪኩን መመልከት ይሻላል። ይህም ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ለረጅም ዘመን የተፈተነባት አገር እንግሊዝ ስለ ሆነች፣ ንግግራችን በአብዛኛው ስለ እርስዋ ይሆናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። የአረጋውያን ሕክምና በውጭ አገር ቋንቋ «ጄሪያትሪክስ» ይባላል። ይህን ቃል በ1909 ከግሪክ ቋንቋ አውጥተው የሰየሙት፣ በቪዬና ተወልደው በኒውዮርክ ከተማ በሕክምና ሥራ ይኖሩ የነበሩት ዶክተር ኢግናትስ ናሸር ናቸው። ስለ እርሳቸው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ተማሪ በነበሩበት ጊዜ ከመምህራቸው ጋር የድኾች መጠለያ ሲጐበኙ፣ አንዲት ባልቴት ሕመማቸውን እየተናገሩ ወደ መምህሩ ቀረቡ፤ ናሸርም የባልቴቲቱ በሽታ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁ፣ መምህሩ እርጅና ነው፣ የሚደረግ ነገር የለም ብለው መለሱላቸው ይባላል። ናሸር ይህን መልስ በልባቸው አኖሩት። ሕፃንነት የራሱ ሕክምና ካለው፣ እርጅናም የራሱ ሕክምና ሊኖረው ይገባል ብለው ጻፉ፤ በ1914ም በዚሁ ነገር ላይ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያን ጊዜ ግን የሰማቸው ሰው ጥቂት ነበር።

ነገሩ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ የታየው በለንደን ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ነው። በ1935 ይህ ሆስፒታል በአጠገቡ የነበረውን የድኾች መጠለያ የሕሙማን ቤት ተረከበ። በዚያም ቤት 714 ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ለዓመታት ከአልጋ ሳይወርዱ የኖሩ ሽማግሎችና ባልቴቶች ናቸው። አደራው የተሰጠው ዶክተር ማርጆሪ ዋረን ለተባሉ ሴት ሐኪም ነበር። ዶክተር ዋረን የቀዶ ጥገና ሥራ የለመዱ ነበሩ እንጂ ስለ አረጋውያን የተለየ ትምህርት አልነበራቸውም፤ እንዲህ ያለ ትምህርት በዚያን ጊዜ በየትም አይሰጥም ነበርና።

እርሳቸው የሠሩት ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የተኙትን ሰዎች እያንዳንዳቸውን እንደ አዲስ በሽተኛ መረመሯቸው፤ ሕመማቸውንም ለይተው አወቁ። ሊነሣ የሚችለውን ሊነሣ ከማይችለው፣ አእምሮው የደከመውን አእምሮው ከጸናው ለይተው በየክፍሉ አኖሩ። የጨለመውን ግድግዳ ነጣ ባለ ቀለም አስቀቡ፤ መብራት አስጨመሩ፤ የሚደገፉበት እጀታ በየግድግዳው አስተከሉ። ግማሽ ሰውነቱ የማይታዘዝለትን ሰው ቀስ በቀስ እንዲቀመጥ፣ ከዚያም እንዲቆም፣ ከዚያም እንዲራመድ አስለመዱት። እንዲህ እየተደረገ ከአልጋ አይነሡም የተባሉት ብዙዎቹ በእግራቸው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ከጊዜም በኋላ ለእነዚህ ሕሙማን የሚያስፈልገው የአልጋ ቍጥር ከ714 ወደ 240 ወረደ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቍጥር እናስተውለው። በዚያ ቤት ብዙውን ሰው አልጋ ላይ አስሮ የያዘው እርጅናው ብቻ አልነበረም፤ መርማሪ ማጣቱም ጭምር ነበር።

ዶክተር ዋረን በ1943ና በ1946 በታወቁት የሕክምና መጽሔቶች ላይ ባወጧቸው ጽሑፎች፣ የአረጋውያን ሕክምና በጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ የራሱ ክፍል እንዲኖረው፣ የሕክምና ተማሪዎችም ይህን ትምህርት እንዲማሩት ጠየቁ። በ1947 ጥቂት ሐኪሞች ተሰብስበው ለአረጋውያን ሕክምና አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ይኸውም በ1959 የብሪታንያ የጄሪያትሪክስ ማኅበር ተባለ። በ1965ም በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የዚህ ትምህርት የመጀመሪያው የፕሮፌሰርነት ወንበር ቆመ፤ ወንበሩም ለዶክተር ፈርጉሰን አንደርሰን ተሰጠ።

እነዚህ ሰዎች ከሥራቸው የተማሩት ምን ነበር? ዋናው ነገር ይህ ነው። ያረጀ ሰው ሲታመም በሽታው በወጣት ሰው ላይ በሚታይበት መልክ አይገለጥም። ሳንባው የቆሰለ ሽማግሌ ትኵሳትም ሳል ላይኖረው ይችላል፤ ልቡ የታመመች ባልቴት ደረትዋን ላያማት ይችላል። በዚህ ፈንታ ትላንት ይራመድ የነበረው ሰው ዛሬ ይወድቃል፤ ትላንት ልጆቹን በስማቸው ይጠራ የነበረው ዛሬ ይዘባርቃል። በርናርድ አይዛክስ የተባሉት የዚህ ትምህርት ሊቅ፣ መነሣት አለመቻልን፣ መውደቅን፣ ሽንት መቋጠር አለመቻልንና የአእምሮ መድከምን አንድ ላይ ቈጥረው የአረጋውያን ግዙፋን ጠላቶች ብለዋቸዋል። እነዚህ አራቱ በሽታ የሚታይባቸው ምልክቶች ናቸው፤ ከኋላቸው ያለውን ምክንያት መፈለግ ግን የሐኪሙ ፈንታ ነው። ምልክቱን እርጅና ነው ብሎ የተወው ሐኪም ምክንያቱን አያገኘውም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው በሆስፒታል ውስጥ ስለ ተደረገው ነው። አረጋውያን ግን በአብዛኛው የሚኖሩት በቤታቸው ነው። ዶክተር ጆሴፍ ሼልደን የተባሉት ሐኪም በዎልቨርሃምተን ከተማ ከአራት መቶ የሚበልጡ አረጋውያንን በየቤታቸው ሄደው መርምረው፣ ያገኙትን በ1948 በመጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉም አረጋውያን በቤተ ዘመዶቻቸው መካከል እንደሚኖሩ፣ ሸክማቸውንም በብዛት የሚሸከሙት ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆቻቸው እንደ ሆኑ አስረዳ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጀመሪያ የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲመሠረት፣ ሰው ሁሉ በአንድ የቤተ ሰብ ሐኪም ዘንድ እንዲመዘገብና ያለ ክፍያ እንዲታይ ተፈቀደ። እንግዲህ የአረጋውያኑ ሁሉ ሸክም በቤተ ሰብ ሐኪሙ ትከሻ ላይ ዐረፈ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የቤተ ሰብ ሐኪም ለመሆን ከጠቅላላው የሕክምና ትምህርት በኋላ ሌላ ትምህርት ግዴታ አልነበረም፤ ይህ ግዴታ የመጣው በ1976 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1981 ጀምሮ ነው።

ይህ አሠራር ምን ፍሬ እንዳፈራ በ1964 ታወቀ። ዶክተር ጄምስ ዊልያምሰንና ባልደረቦቻቸው በስኮትላንድ ከሦስት የቤተ ሰብ ሐኪሞች መዝገብ ላይ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 200 ሰዎች መርጠው መረመሩ፤ ያገኙትንም ሕመም ሐኪሞቹ ከሚያውቁት ጋር አስተያዩ። እያንዳንዱ ሰው በአማካይ ከሦስት የሚበልጥ ሕመም ነበረበት፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጠውን ሐኪሙ አያውቀውም ነበር። የልብና የሳንባ በሽታ በአብዛኛው ታውቆ ነበር። ያልታወቁት የእግር ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሽንት መቋጠር አለመቻል፣ የደም ማነስ፣ የመርሳት በሽታና ትካዜ ናቸው። ሐኪሞቹ ሰነፎች ስለ ነበሩ ይህ አልሆነም። በሽተኛው ሲመጣ ማየት፣ የሚናገረውንም መስማት ተምረው ነበርና ይህንኑ አደረጉ። አረጋውያኑ ግን አልመጡም፤ ቢመጡም ዋናውን ነገር አልተናገሩም። የእግሩ ሕመም ከዕድሜው የመጣ መስሎት ዝም ያለ አለ፤ ስለ ሽንቱ መናገር ያፈረም አለ። መርሳት የጀመረው ደግሞ መርሳቱን ራሱን ረስቶታል።

አንባቢ ሆይ፣ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ከዚህ ላይ እናገኛለን። አረጋውያንን በየቀኑ ማየት ብቻውን ትምህርት ቢሆን ኖሮ፣ ከግማሽ የሚበልጠው ሕመም እንዲህ ተሰውሮ ባልቀረ ነበር። ሳይጠይቁት የማይነገረውን ለማወቅ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ መማር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ማስረጃ ስለ መድኀኒት ነው። በእንግሊዝ አገር «ኦፕረን» የተባለ የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ በ1980 ወጥቶ ነበር። ያረጀ ሰው ኵላሊት ሥራው ስለሚዘገይ፣ መድኀኒቱ በአረጋውያን ሰውነት ውስጥ ከወጣቶቹ ይልቅ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ይቈይ ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ አረጋውያን ጕበታቸውና ኵላሊታቸው ተጐድቶ ስለ ሞቱ፣ መድኀኒቱ በ1982 ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ይህን መድኀኒት ያዘዙት ሐኪሞች መልካም አሳቢዎች ነበሩ፤ የታመመ ጕልበት ለማስታገስ ፈልገው ነው። መልካም አሳብ ግን መጠንን አያስተምርም። አንድ አዛውንት ለልብ አንድ፣ ለደም ግፊት አንድ፣ ለእንቅልፍ አንድ፣ ለሕመም አንድ መድኀኒት ሲወስዱ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተጣልቶ ሊያስወድቃቸው ይችላል። ወድቀውም የጭናቸው ዐጥንት ሲሰበር፣ አሁንም እርጅና ነው ይባላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዐዋቂው ሐኪም ሌላ መድኀኒት ከመጨመሩ በፊት የትኛውን ላስወግድ ብሎ ይጠይቃል።

እንዲህ ያሉ ነገሮች ከታዩ በኋላ ትምህርቱ በልዩ ልዩ መንገድ ለቤተ ሰብ ሐኪሞች ይሰጥ ጀመር። የለንደኑ የንጉሣዊ የሐኪሞች ኮሌጅ በ1980ዎቹ አጋማሽ በአረጋውያን ሕክምና ዲፕሎማ መስጠት ጀመረ፤ ዲፕሎማውም ይልቁንም ለቤተ ሰብ ሐኪሞች የታሰበ ነበር። በአሜሪካም በ1988 የቤተ ሰብ ሐኪሞችና የውስጥ ደዌ ሐኪሞች በአረጋውያን ሕክምና ተጨማሪ ፈተና ወስደው የምስክር ወረቀት የሚቀበሉበት ሥርዓት ቆመ።

ከዚህ ቀጥሎ ግን እንዳንታለል የሚያስጠነቅቀን አንድ ታሪክ አለ። በ1990 የብሪታንያ መንግሥት ከቤተ ሰብ ሐኪሞች ጋር በተዋዋለው ውል፣ ዕድሜው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ምርመራ እንዲደረግለት እንዲጋበዝ አዘዘ። ሐኪሙ ወይም ረዳቱ የሰውዬውን ማየትና መስማት፣ መራመዱን፣ አእምሮውን፣ የሰውነቱን ጤንነት፣ ኑሮውንና የሚወስደውን መድኀኒት እንዲመረምር ተወሰነ። አሳቡ ዊልያምሰን ካሳዩት ነገር ጋር የሚስማማ ነበር። ነገር ግን በብዙ ቦታ ምርመራው የወረቀት መሙያ ሆነ፤ ሕመሙ ከተጻፈ በኋላ የሚከታተለው አልነበረም። በ106 የቤተ ሰብ ሐኪሞች ጣቢያ ተደርጎ ውጤቱ በ2004 የታተመው ታላቅ ጥናትም፣ ሰውን ሁሉ በዝርዝር መመርመር የታመሙትን ብቻ መርጦ ከመመርመር ይልቅ ሞትንም ሆነ ወደ ሆስፒታል መግባትን ይህን ያህል እንዳልቀነሰ አስረዳ። በዚያው ዓመት ግዴታው ከውሉ ወጣ።

ታዲያ የተለየው ትምህርት ጥቅም የለውም ማለት ነውን? አይደለም። በሆስፒታል ለተኙ አረጋውያን የተደረገውን ሌላ ጥናት እንመልከት። 29 ጥናቶች በአንድነት ተሰብስበው በ2017 ሲመረመሩ፣ በአረጋውያን ሕክምና የሠለጠኑ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች ባለሙያዎች በኅብረት መርምረው ያከሟቸው ሰዎች፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ በሕይወት ወደ ቤታቸው ተመልሰው በዚያው የመኖር ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ ከየት መጣ? በሆስፒታሉ መርማሪው ያገኘውን ሕመም ያክመዋል፤ ይከታተለዋልም። በ1990ው ሥርዓት ግን የመጠየቂያው ወረቀት ለሁሉም ሲታደል፣ ከጥያቄው በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰውና የሚያደርግበት ጊዜ ከወረቀቱ ጋር አልታደለም ነበር።

እንግዲህ የታሪኩን ምስክርነት ሰብስበን ስንመዝነው ፍርዱ እንዲህ ይመስለናል። የአረጋውያን ሕክምና መሠረት ለጥቂቶች የሚተው ተጨማሪ ጌጥ ሳይሆን፣ የቤተ ሰብ ሐኪም ሁሉ በመጀመሪያ ትምህርቱ ሊማረው የሚገባ ነገር ነው፤ የሕፃናትን ሕክምና ሳይማር ሕፃን የሚያክም ሐኪም እንደማንፈቅድ ሁሉ፣ ይህም እንደዚያው ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ከፍተኛ ትምህርት ግን ከየጣቢያው አንድ ሐኪም ቢማረው፣ ባልደረቦቹ እርሱን እየጠየቁ መሥራት ይችላሉ። ትምህርቱ በሚሰጥበት ጊዜም ለሐኪሙ ጊዜ፣ ረዳት ነርስ፣ ወደ በሽተኛው ቤት መሄጃም አብረው ካልተሰጡት፣ የ1990ው ታሪክ መደገሙ አይቀርም። ሐኪሞች ጊዜ የለንም የሚሉትም ክርክር እውነት ነው፤ ነገር ግን ክርክሩ ጊዜ ይሰጠን ለማለት ይጠቅማል እንጂ አንማር ለማለት አይበቃም።

በአገራችን የቤተ ሰብ ሕክምና ልዩ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2013፣ በእኛ አቆጣጠር በ2005 ዓ. ም. ነው። ትምህርቱ ገና ወጣት ስለ ሆነ፣ ሌሎች በሰባና በሰማንያ ዓመት የተማሩትን ከመሠረቱ ማስገባት ለእኛ ይቀልላል። በባህላችን አረጋውያን ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በቤት ይኖራሉ፤ ጧሪ ቀባሪ ማግኘትም እንደ ትልቅ በረከት ይቈጠራል። ይህ ባህል መልካም ነው። ሆኖም አባት ልጆቼን አላስቸግር ብሎ፣ እናትም ልጆቼ ለፍተው ያገኙትን ገንዘብ ለኔ አያውጡት ብላ ሕመሟን ልትሸሽግ ትችላለች። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም ይላሉ። የደበቀውን እንዲገልጥ በጥበብና በአክብሮት መጠየቅ የሚችል ሐኪም ግን ያስፈልገናል።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጥያቄ የሐኪሞች ብቻ አይደለም። በቤትህ ያሉት አዛውንት ትላንት ያደርጉት የነበረውን ነገር ዛሬ ማድረግ ቢያቅታቸው፣ መቼ እንደ ጀመራቸው ጠይቅ፤ የሚወስዱትንም መድኀኒት ሁሉ ሰብስበህ ወደ ሐኪሙ ይዘህ ሂድ። ሐኪሙም «እርጅና ነው» ብሎ ቢያሰናብትህ፣ በትሕትና አንድ ጊዜ ደግመህ ጠይቀው፤ «እርጅናውስ ትላንትም ነበረ፤ ዛሬ የመጣው ምንድር ነው?» በለው። ዶክተር ዋረንም ወደ 714ቱ ሰዎች አልጋ እየቀረቡ በየተራ የመረመሩት ይህንኑ ለማወቅ ነበር።